ፊርማው የእሱ ነው

(በምሩቃን ማኅበራችን ዓመታዊ መገናኛ ላይ፣ በሐይቅ ዳርቻ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ሙያሽ ትንሽ ንገሪን» ሲሉኝ ስለ መድኃኒት አቅርቦት አንድ ጽሑፍ አዘጋጅቼ ነበር። መገናኛው ሐይቅ እንደሚሆን ስሰማ ግን ያዘጋጀሁትን ተውኩት። እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት የዚሁ አገር ልጅም ነኝ። ታላቅ ወንድሜ፣ እኔ «ጋሼ» የምለው፣ እዚህ ሐይቅ ከተማ ሲያስተምር የኖረ መምህር ነበር። ባለፈው ዓመት በቆሽት ካንሰር አረፈ። ዛሬ የምነግራችሁ ገና በሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት ላገኝለት ስሯሯጥ የተማርኩትን ነው። ዋናው አንድ ነገር ነው። እሱንም የተማርኩት ዘግይቼ ነው።

ነገሩ የጀመረው በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። «ሆዴን ያቃጥለኛል፣ ጀርባዬን ይወጋኛል» አለ። ጨጓራ ነው ብለን ኦሜፕራዞል የሰጠሁት እኔው ራሴ ነኝ። ከዚያ ሰውነቱ ቀነሰ። ስኳር ኖሮበት የማያውቅ ሰው ስኳር ተገኘበት። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ጎረቤቱ ሁሉ «ወፍ ነው፣ የአገር መድኃኒት ይጠጣ» አለ። ደሴ ወስደን አልትራሳውንድ ተነሣ፤ «ወደ አዲስ አበባ ውሰዱት» ተባልን። የመንገዱን ሁኔታ ታውቁታላችሁ፤ እንደምንም ደረስን። ሲቲ ስካን ተነሣ፣ በመርፌ ናሙና ተወሰደ።

ኅዳር 12፣ በሚካኤል ዕለት፣ ሐኪሙ እኔን ብቻ ጠርቶ አስገባኝ። «አንቺ ባለሙያ ስለሆንሽ በቀጥታ ልንገርሽ» አለኝ። የቆሽት ካንሰር ነው፣ ጉበት ላይ ተሠራጭቷል፣ በቀዶ ሕክምና የሚወጣ አይደለም። «ለእሱስ ምን ልበለው?» ብዬ ጠየቅሁ። «እሱን ቤተሰቡ ያውቃል» አለኝ። ወጣሁ። ጋሼ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። «ምን አለሽ?» አለኝ። «ቁስለት ነው፣ በመርፌ ይድናል፣ አብሽር!» አልኩት።

ይህን ያደረግሁት ክፉ ሆኜ አይደለም። እዚህ የተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁም ያንኑ ታደርጉ ነበር። በእኛ አገር መርዶ እንኳ ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው። ለሰውዬው በራሱ ሞት ላይ መርዶ መንገር ጭካኔ ይመስለናል። እኔም ያን ቀን የመሰለኝ እንደዚያ ነው።

አሁን ለሙያ ሰዎቹ የታወቀ፣ ለሌሎቻችን ግን አስፈላጊ የሆነ ትንሽ ነገር ልበል። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ የተሸሸገ ስለሆነ ሕመሙ ሲሰማ ብዙውን ጊዜ ረፍዷል። ከ100 ታማሚ 80 ያህሉ በሽታው ሲታወቅ ለቀዶ ሕክምና አይመቹም። ሕክምናው በተደራጀበት በአሜሪካ እንኳ በሽታው ወደ ሌላ አካል ከተሠራጨባቸው ውስጥ አምስት ዓመት የሚቆዩት ከ100 ሦስት ያህል ናቸው። በ2011 እ.ኤ.አ. ፎልፊሪኖክስ የተባለው የአራት መድኃኒቶች ቅንብር ከቀድሞው ከጄምሲታቢን ጋር ሲወዳደር መካከለኛውን የመቆያ ጊዜ ከ6.8 ወር ወደ 11.1 ወር አሳደገ። ያ እንደ ትልቅ እመርታ ነው የተቆጠረው። አራት ወር ማለት ነው። ለሚኖረው ሰው አራት ወር ትንሽ እንዳይመስላችሁ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ጋሼ ጄምሲታቢን ጀመረ። እኔ ደግሞ ማታ ማታ የምርምር ጽሑፍ ማንበብ ጀመርኩ። ከ100 የቆሽት ካንሰር ከ90 በላዩ ኬራስ በሚባል ዘረ መል ላይ ለውጥ አለበት። ይህ ዘረ መል ሴሉን «ተባዛ፣ አትተባዛ» እያለ የሚያዝ እንደ መብራት ማብሪያ ያለ ነገር ነው፤ ለውጡ ሲደርስበት እንደበራ ይቀራል። ተመራማሪዎች ለብዙ ዐሥርት ዓመታት መድኃኒት የማይይዘው ነው ይሉት ነበር። አሁን የሚይዙት እየመጡ ነው። በጣም ከሚወራላቸው አንዱ ዳራክሶንራሲብ ይባላል፤ በአፍ የሚወሰድ ክኒን ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ በቆሽት ካንሰር ላይ ሦስተኛው ደረጃ ሙከራው ተጀምሮ ነበር። ይህን ሳነብ እንቅልፍ አጣሁ። መድኃኒቱ አለ፣ ወንድሜ አለ፤ በመካከል ያለውን በር ማስከፈት ብቻ ነው የቀረው ብዬ አሰብኩ።

በሩ እንዴት እንደሚከፈት ላስረዳ፤ ነገ ከእናንተ አንዱ ሊፈልገው ይችላል።

የመጀመሪያው መንገድ ራሱ ሙከራው ውስጥ መግባት ነው። ለዚያ ሙከራው ባለበት አገር መገኘት ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ ሙከራው ውስጥ መግባት ያልቻለ በጽኑ የታመመ ሰው መድኃኒቱ ሳይጸድቅ እንዲሰጠው መጠየቅ ነው። አውሮፓ ውስጥ የርኅራኄ አጠቃቀም ይሉታል፤ አሜሪካኖቹ የተስፋፋ ተደራሽነት ይሉታል። በአሜሪካ ለአንድ ታማሚ የሚሞላው ቅጽ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ አጭር ሆኗል። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች የሚፈቅደው ከ100 ዘጠና ዘጠኙን ያህል ነው። ታዲያ ምን ይቸግራል? የሚቸግረው መድኃኒቱን የሚሠራው ድርጅት «እሺ» ማለቱ ነው። ማንም ሊያስገድደው አይችልም። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው «የመሞከር መብት» የተባለው የአሜሪካ ሕግ እንኳ ለታማሚው የመጠየቅ መብት ሰጠው እንጂ ድርጅቱን ስጥ ብሎ አላዘዘም።

ድርጅቶቹም የራሳቸው ምክንያት አላቸው። መድኃኒቱ ገና በጥቂቱ ነው የሚሠራው። ሁሉም ከውጭ ከተሰጠው ሙከራውን ገብቶ የሚጨርስ ሰው ይጠፋል፤ ያን ጊዜ መሥራት አለመሥራቱ ሳይታወቅ ይቀራል። ያልተረጋገጠ መድኃኒት ደግሞ እንደ ተስፋው ላይሆን ይችላል። ፔግፒኤች20 የተባለው የቆሽት ካንሰር መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የመጨረሻው ሙከራ ውጤት ሲወጣ ዕድሜ አልጨመረም። ስለዚህ «ከለከሉን» ብቻ ብለን የምንናደድበት ነገር አይደለም።

እኔ ለሁለት ድርጅቶች ጻፍኩ። ስማቸው ለዛሬው ነገሬ አያስፈልግም። ታኅሣሥ ላይ ከአንዱ መልስ መጣ። አልሰጥም አላለም፤ እሰጣለሁም አላለም። «ጥያቄውን የምንቀበለው ከቤተሰብ ሳይሆን ከሚያክመው ሐኪም ነው» ይላል። ከዚያ የሚያስፈልጉትን ይዘረዝራል። የሐኪሙ ደብዳቤና የሕክምናው ሙሉ ታሪክ፤ የፓቶሎጂ ውጤትና የናሙናው የዘረ መል ምርመራ፤ መድኃኒቱ የሚገባበት አገር ባለሥልጣን ፈቃድ፣ ማለትም በእኛ አገር የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፤ የሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታ። በመጨረሻ፣ ታማሚው ስለ በሽታው፣ መድኃኒቱ ገና ያልተረጋገጠ ስለመሆኑ፣ ሊያደርስበት ስለሚችለው ጉዳት ተነግሮት፣ ገብቶት፣ በራሱ ፈቃድ የፈረመበት ሰነድ።

ሌሎቹን ሳነብ «ይህን ከእገሌ፣ ያንን ከእገሌ» እያልኩ በልቤ አከፋፍል ነበር። የመጨረሻው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ጋሼ ምን ብሎ ይፈርማል? «ለቁስለቴ ያልተረጋገጠ የካንሰር መድኃኒት ልወስድ ተስማምቻለሁ» ብሎ? ባሕር ማዶ ላለ ለማላውቀው ሰው የወንድሜን ጉበት መጠን በሚሊሜትር ጽፌ ልኬያለሁ። ለራሱ ግን የበሽታውን ስም አልነገርኩትም።

ጥር 1 የእስጢፋኖስ ዕለት ጋሼ ጠበል ልጠጣ ብሎ እዚህ ገዳም መጣ። አብሬው መጣሁ። ለእንግዶቻችን ልንገር፤ ገዳሙ የወንድ ገዳም ነው፣ ሴት ከበሩ አታልፍም። እሱ ገባ፣ እኔ ውጭ ሐይቁን እያየሁ ጠበቅሁ። ሲመለስ በሃይላንድ ጠበል ይዟል፤ ደክሞት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ የዋሸሁህ ነገር አለ» አልኩት።

«ካንሰር መሆኑን ነው?» አለኝ።

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። መርፌውን የሚሰጡበት ክፍል በር ላይ ተጽፏል እኮ። እኔ ሠላሳ ዓመት ማንበብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ።»

ሳቅንም አለቀስንም። እሱም «ትጨነቅብኛለች» ብሎ ዝም ብሎኝ ኖሯል። ሰባት ሳምንት ሁለታችን እየተዋደድን ተዋሸን ማለት ነው። ከዚያ ስለ መድኃኒቱ ሁሉንም ነገርኩት። አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ «ያድነኛል ወይስ ያቆየኛል?» «አያድንህም። ሊያቆይህ ይችላል፣ ላያቆይህም ይችላል። አፍ ያቆስላል፣ ቆዳ ላይ ሽፍታ ያወጣል» አልኩት። ትንሽ አሰበና «እንግዲያው ሞክሪ፤ ለእኔ ባይሆን ከኋላ ለሚመጣው ያስተምራል። ግን ሰው አገር አልሄድም፤ እዚሁ ከመጣ እወስዳለሁ» አለ። በማግስቱ ፈረመ። የመምህር እጅ ጽሑፍ፣ ጥርት ያለ። ሐኪሙም ደብዳቤውን ሊጽፍ ተስማማ፤ እንዲያውም «ይህን የጠየቀኝ ታማሚ የለም፣ አብረን እንማረዋለን» አለኝ።

ከዚያ የዘረ መል ምርመራው ቀረ። ለእሱ የተወሰደው ናሙና ያስፈልጋል። ናሙናው የተቀመጠበት ቦታ ሄድኩ፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ላኩኝ። የውጤቱ ወረቀት አለ፣ ናሙናው የለም። የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። የማንንም ስም አላነሣም፤ በየትኛውም ቦታ ሊደርስ የሚችል ነው። አንድ ነገር ግን ውስጤን ቆጨኝ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ለዚህ ገዳም የሰጡት የወንጌል መጽሐፍ ዛሬም አለ። ሰባት መቶ ዓመት ያለፈው ነው። ያን ሁሉ ዘመን ብራና የጠበቀ አገር የአንድ መምህር የጣት ጥፍር የማታህል ናሙና ሦስት ወር ማቆየት አቃተው። ብራናው የቆየው ጠባቂ ተመድቦለት ነው፤ ለናሙናው ጠባቂ አልተመደበለትም፣ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ናሙና እንደገና ይወሰድ ተባለ። ቀጠሮ፣ መንገድ፣ ደግሞ ቀጠሮ። መጋቢት ላይ ጋሼ ከቀኑ የሚበዛውን አልጋ ላይ መዋል ጀመረ። እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች የሚሰጡት ቆሞ ለሚሄድ፣ ራሱን ለሚችል ሰው ነው። ሐኪሙ ራሱ ደውሎ «አሁን ብንሰጠው እንጎዳዋለን» አለኝ። እውነቱን ነበር። ጋሼ ፋሲካን ከእኛ ጋር ውሎ በሳምንቱ አረፈ። ሁለት ወር አለፈና በሰኔ 2017 ዓ.ም. የአሜሪካው መሥሪያ ቤት ለዳራክሶንራሲብ ምርመራውን የሚያፋጥን ልዩ ዕውቅና እንደሰጠው አነበብኩ።

መድኃኒቱ ቢደርስ ኖሮ ወንድሜ ይቆይ ነበር አልልም። ይህን የምል ከሆነ ሁለተኛ መዋሸቴ ነው። የምለው ይህን ነው፤ ጊዜ ከሌለው ሰው ላይ ሰባት ሳምንት የወሰድኩት እኔ ነኝ። ኅዳር 12 ብነግረው ኖሮ ኅዳር 13 ይፈርም ነበር። ናሙናው ሳይጠፋ እንደርስበት ነበር።

የነገርኩት ቀን ያተረፈውም አለ። ከጥር እስከ ሚያዝያ ጋሼ የራሱን ጊዜ ራሱ አዘዘበት። አምባሰል ያሉትን የንብ ቀፎዎች ለልጁ አስረከበ፣ አቆራረጡንም ተቀምጦ አስተማረው። ከአንድ የሥራ ባልደረባው ጋር የነበረውን የቆየ ቂም ፈታ። ሕመሙ ሲበረታ ሞርፊን እንፈልግለት ነበር፤ እሱም ቀደም ብሎ ሊጀመር የሚገባው ነበር። የሩቁን መድኃኒት ሳሳድድ የቅርቡን ዘንግቼዋለሁ። ሙስሊም ጎረቤቶቹ ዱዓ አደረጉለት፣ ክርስቲያኑ ጠበል አመጣለት፤ ወሎ ነውና። ሁሉም አሁን የሚጸልየው ለእውነተኛው በሽታ ነበር። አራት ወር ትንሽ እንዳይመስላችሁ ያልኩት ለዚህ ነው።

«ለእኛ ለድሆቹ ይህ ሁሉ ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖራል። በሩ ለኢትዮጵያውያን ተከፍቶ ያውቃል። ግሊቬክ የተባለው የደም ካንሰር መድኃኒት ገና በሙከራ ላይ ሳለ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ሱዛን ማክናማራ የተባለች ካናዳዊት ታማሚ ከ3000 በላይ ሰዎች የፈረሙበት ጥያቄ ለኖቫርቲስ ላከች፤ መድኃኒቱ በብዛት እንዲመረትና ሙከራው እንዲሰፋ ጠየቀች፣ ተሳካላትም። መድኃኒቱ በ2001 ጸደቀ። በ2002 ኖቫርቲስና ማክስ ፋውንዴሽን መግዛት ለማይችሉ አገሮች ታማሚዎች በነፃ የሚሰጥበትን ፕሮግራም ጀመሩ፤ በእኛም አገር በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኩል ታማሚዎች በነፃ አግኝተውታል። ዋጋውን ከኪሳችን ብንከፍል የማይታሰብ ነበር። እዚያም ቢሆን ግን በመጀመሪያ የተጠየቀው በሽታው ያ በሽታ መሆኑን የሚያረጋግጥ የምርመራ ውጤት ነው። ወረቀቱ ከክኒኑ ይቀድማል። ከወረቀቱም ታማሚው ማወቁ ይቀድማል።

እንግዲህ ከእናንተ የምለምነው ሦስት ነገር ነው፤ ገንዘብ የለበትም።

አንደኛ፣ መምህሮቻችን፦ ተማሪዎቻችሁን ክፉ ዜና ለታማሚ እንዴት እንደሚነገር አስተምሩልን። በአንድ ጊዜ አውርዶ መጣል አይደለም። «ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ? ከማን ጋር ሆነህ ልንገርህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። አልፈልግም የሚል ካለ መብቱ ነው። ግን አለመፈለጉን ከእሱ እንስማ፤ እኔ ስለ እሱ አልወስን።

ሁለተኛ፣ በላቦራቶሪና በሆስፒታል የምትሠሩ ምሩቃን፦ ናሙናው የት እንዳለ የሚናገር መዝገብ ይኑር፤ ታማሚውም የውጤቱን ቅጂ በእጁ ይዞ ይሂድ። ይህን ለማድረግ አዲስ ማሽን አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ ውጭ አገር ያላችሁ፦ ከመካከላችሁ ካንሰር የሚያክሙም፣ መድኃኒት ድርጅት የሚሠሩም አሉ። ታማሚ ሲመጣ ማንን እንደምንጽፍ፣ ደብዳቤው ምን መምሰል እንዳለበት የሚነግረን አንድ ሰው ስልክ ያንሣልን። እኔ ኅዳር ላይ የማውቀው ሰው ቢኖረኝ በአንድ ምሽት የሚያስረዳኝን ነገር ለመማር አንድ ወር ፈጀብኝ። ውሎ አድሮ ደግሞ ሙከራው ራሱ ወደ አገራችን እንዲመጣ አግዙን። አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምን የመሰለ የቆየ ተቋም ያለው አገር ነን፤ ሁልጊዜ ከበር ውጭ ቆመን የምንጠብቅ ሆነን መቅረት የለብንም።

እኔ በበኩሌ የሚያስፈልጉትን ሰነዶች በአንድ ገጽ በአማርኛ ጽፌያለሁ፤ ከምሳ በኋላ የሚፈልግ ይውሰድ። በዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው የሐኪሙ ደብዳቤ አይደለም፤ «ታማሚው በሽታውን ያውቃል?» የሚል ነው። ከጎኑ ምልክት የሚደረግበት ባዶ ሳጥን አለ። እሱ ምልክት ሳይደረግበት ወደ ሁለተኛው አትለፉ።